የእትዬ አስካለ ተራ

ባለፈው ሰሞን መሐል ሜዳ ለስብሰባ ጠሩን። የአገር ሽማግሌ ተብለን ከየአጥቢያው ተለቅመን አዳራሽ ገባን። ነገሩ ስለ ኤችአይቪ ነው። ከላይ የመጡት እንግዶች፣ በሽታው ድሮ እዚህ አገር ሲገባ ሕዝቡ እንዴት ተቀበለው፣ ታማሚውንስ ምን አደረገው ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ደግ ጥያቄ ነው። አንዱ ጎልማሳ ብድግ አለና ሕዝባችን እንደ ባህሉ ታማሚውን አቅፎ ደግፎ ነው የያዘው አለ። ተጨበጨበለት። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬም አጨበጨበ፤ እሱ እንኳ እውነቱን ያውቃል፣ አጥቢያችን አንድ ነው።

እኔ ዝም አልኩ። ስናደድ ምላሴ ይተሳሰራል። ወጥቼ ወደ ቤቴ ሳዘግም ግን ከገበያው በታች አንዲት ሴት ደጃፏ ላይ ጋን በወይራ ታጥናለች፤ ጭሱ መጥቶ አፍንጫዬን ሲመታኝ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ያ ሽታ የእትዬ አስካለ ቤት ሽታ ነው። እንግዲህ ማን እንዳቀፈና ማን እንደደገፈ እኔ ልንገራችሁ። ፊደል የቆጠርኩት ከቄስ እግር ሥር ነው፤ ዳዊት ሳልጨርስ ወጥቻለሁ። ጽሕፈቴ ቢወላገድም ነገሩ ቀጥ ያለ ነው።

እትዬ አስካለ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። ያላቸው አንድ ልጅ ጌታነህ ነው፤ እሱንም ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱባቸው። ሴት ልጅ አልወለዱም። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመት ሲቀረው ይመስለኛል፣ አባቴ አንድ ቀን ልብሴን አስጠቅልሎ እትዬን አግዝ ብሎ ሰደደኝ። እገዛው ምን እንደሆነ አልነገረኝም። ደርሼ ሳየው የሴት ሥራ ነው፤ ውሃ መቅዳት፣ እንስራና ጋን በግራዋ ቅጠል ማሸት፣ ጋን ማጠን። እትዬ ጠላ ጠምቀው ነው የሚኖሩት።

ወይራው ከቆላ በአህያ ነው የሚመጣልን። እኛ ደጋ ኩበት ነው የምናነደው፤ ወይራ እንደ ዕጣን ይቆጠባል። ፍሙን ገል ላይ አድርጌ፣ የወይራውን ፍልጥ ከላይ ጣል አድርጌ፣ ጋኑን አፉን እደፋበታለሁ። ጭሱ በጠርዙ ሾልኮ ዓይኔ ይገባል። የዚያን ዓመት እንባዬ ግማሹ ከወይራ የመጣ ነው፤ ሌላውን ግማሽ እነግራችኋለሁ። እኩዮቼ በአጥር ላይ አንገታቸውን አስግገው «ጠማቂዋ መጣች፣ ጠማቂዋ» እያሉ ያበሽቁኛል። ሄጄ ለእትዬ ስናገር፣ ተዋቸው፣ ጠላው ሲደርስ ዋንጫ ይዘው የሚመጡት አባቶቻቸው ናቸው ይሉኛል። እውነትም ይመጡ ነበር።

ጌታነህ የመጣው ገብሱ ሲያሽት ነው። እኔ የማውቀው ጌታነህ በአንድ እጁ ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ የሚሰቅለኝ ጎበዝ ነበር። ያን ቀን ከካቡ ማዶ አንድ የወታደር ካፖርት የለበሰ ሰውዬ ቆመ። ካፖርቱ ሰውየውን የተሸከመው ይመስላል። እትዬ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ወደ ፀሐይ እያዩ «ማነህ ወንድሜ?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ እማ» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጅ ያለው መደብ የሱ ሆነ። ባና ተከናንቦ ፀሐይ ይሞቃል፣ ያስላል፣ ይቀልዳል። አፉ ውስጥ ቁስል ስላለ ቆሎ አይችልም፤ በሶ በቀጭኑ ተበጥብጦ ነው የሚሰጠው። እኔን መቶ አለቃ ብሎ ሾመኝ። ጋን ሳጥብ ያየኝና «መቶ አለቃ፣ ምሽጉ ተያዘ?» ይለኛል። ተይዟል ጌታዬ እለዋለሁ። «ምርኮኛስ?» ይለኛል። አተላውን አሳየዋለሁ።

ለእናቱ ሳይደብቅ ነገራቸው። እዚያው ጋን እያሸሁ ሰምቻለሁ። ሰሜን እያለ ሆስፒታል ደሙን ወስደው መረመሩት፣ አዲሱ በሽታ አለብህ፣ መድኃኒት የለውም ብለው አሰናበቱት። እትዬ ነጠላቸውን አጥብቀው ታጠቁና ገብሱን ማበጠር ቀጠሉ። እኔ የገባኝ ሆስፒታሉ ደሙን ወስዶ እንዳልመለሰለት ነው። የከሳውም ለዚያ ነው አልኩ። ጥቂት ቀን ያንን ሆስፒታል ስረግም ከርሜ በመጨረሻ፣ ለምን ሄደህ ደሜን መልሱ አትላቸውም ብዬ ጠየቅኩት። ሳል እስኪያፍነው ሳቀ። ከዚያ ፀጉሬን አሸት አሸት አደረገኝ።

እስከ ታኅሣሥ ድረስ ሰው ደግ ነበር፤ ይህን አልክድም። ወተት ይመጣል፣ ከጾሙ በፊት እንቁላል ይመጣል። ወታደር ታሞ መጥቷል እየተባለ ይጠየቃል። የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። ደግነቱ ነበራቸው። ማን እንዳበላሸው ልንገራችሁ።

በጾመ ነቢያት፣ እሁድ ነው፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ጸበል ጻዲቅ እየቀመሰ ሳለ ከመሐል ሜዳ አንድ የጤና ሠራተኛ መጣ። ልጅ እግር ነው። ፈቃድ የጠየቀው የገበሬ ማኅበሩን ሊቀ መንበር ነው፤ አባን ዞር ብሎ አላያቸውም። አባ የምላቸው አባ ወልደ ሰማዕትን ነው፤ የአጥቢያው ቄስ፣ የብዙው ሰው የነፍስ አባት። ልጁ አንድ ትልቅ ሥዕል ዘርግቶ በሩ ላይ ሰቀለ። ሥዕሉ ማጭድ የያዘ አፅም ነው። እኔ በረሃብ የሞተ ሰው ፎቶግራፍ መስሎኝ ከአጠገቤ ያሉትን ሴትዮ የማን ልጅ ነው ብዬ ጠየቅኩ፤ በጥፊ አሉኝ።

ልጁ ጮክ ብሎ አስተማረ። በሽታው መድኃኒት የለውም አለ። የያዘውን ሁሉ ይጨርሳል አለ። ከሠራዊት የሚመለሱትን ተጠንቀቁ አለ፤ ያኔ አንገቶች ሁሉ ወደ እትዬ አስካለ ዞሩ። ቀጥሎ ከኪሱ አንድ ነገር አወጣና ቀደደ፣ ሁለት ጣቶቹ ላይ አጥልቆ ከፍ አድርጎ አሳየ። በጾም። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር። አማት ከአማቿ ጎን ተቀምጣ፣ አባት ከሴት ልጁ ጋር ቆሞ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። ሽማግሌዎቹ ከመሬት እንደተቆፈረ ንብ ተነሡ። ድንጋይ ተወረወረ፤ አንዱ ግንባሩን ፈነከተው። ልጁ ሥዕሉን ጠቅልሎ ሲሮጥ ወደ ኋላ ዞሮ ኋላ ቀሮች፣ ተላለቁ ብሎን ሄደ።

ዛሬ አስቤው አንጀቴ የሚያርረው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ሁለት ነገር ሊነግረን ነበር የመጣው። በሽታው በምን እንደሚይዝ፣ በምን ደግሞ እንደማይዝ። አነጋገር ባለማወቁ እሱ ገደለው፣ ማዳመጥ ባለማወቃችን እኛ ገደልነው፤ ሁለተኛው ነገር ሳይነገር ቀረ። ፍርሃቱ እኛ ጋ ቀረ፣ መፍትሔው በልጁ ቦርሳ ወደ መሐል ሜዳ ተመለሰ።

በማግሥቱ ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ ሁሉ ገለል አሉልኝ። «ቅዳ፣ ቅዳና ሂድ» አሉኝ። የወታደር ዘመድ ስለሆንኩ የተከበርኩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ቀዳሁ። ጥቂት ሄጄ ዞር ስል የቀዳሁበትን የምንጩን ቅል በአመድ እያሹ ሲያጥቡ አየሁ። ወተቱም በዚያው ቀረ።

አሁን ስለ ጽዋው ልንገር። እትዬ የመድኃኔ ዓለም ማኅበርተኛ ናቸው። በየወሩ በሃያ ሰባት ተረኛው ቤት ይሰበሰባል፣ ጠላና ዳቦ ይቀርባል። ጽዋው አንድ ነው፤ ጥቁር ሸክላ፣ ከንፈሩ ባንድ ወገን የተሸረፈ። አባ ባርከው ይጠጡና ለሙሴው ያቀብላሉ፤ የማኅበሩን አለቃ ሙሴ ነው የምንለው። ከሙሴው ከአፍ ወደ አፍ እስከ መጨረሻው ሰው ይዘልቃል። ሁሉም ከጠጣ በኋላ የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ይቀበላል፣ ማኅበርተኛው እየዘመረ መንገድ ድረስ ያጅበዋል። በተረኛው ቤት ያልተጠጣ ጽዋ አያልፍም። ሥርዓቱ ይኸው ነው።

የታኅሣሡ ማኅበር በሙሴው በጋሼ ተሰማ ቤት ነበር። የጥር ወር ተራ የእትዬ አስካለ ነው። ብቅሉ ሰንብቷል፣ ጌሾው ተወቅጧል። ጽዋው ዞሮ አልቆ የመቀበያው ጊዜ ሲደርስ እትዬ ነጩን ጨርቅ ይዘው ተነሡ። ጋሼ ተሰማ ጽዋውን ከፊታቸው አላነሡትም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አስካለ፣ ዘንድሮ እናሳርፍሽ ብለናል። ቤትሽ ሕመምተኛ አለ፤ አንቺም ደክመሻል። ተራሽ ለከርሞ ይሁን።»

«አልደከመኝም» አሉ እትዬ።

«ላንቺ ብለን ነው እኮ።»

«ለኔ ከሆነ ስጡኝ።»

ከበስተኋላ አንዲት ማኅበርተኛ፣ ውድነሽ ትባላለች፣ ጽዋ እኮ ከአፍ አፍ ነው አለች፤ ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ ግን ቤቱ ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ።

«ከልጄ አፍ ለማለት ነው?» አሉ እትዬ። «ጨርሺው እንጂ ውድነሽ፣ ለምን በግማሽ ትተይዋለሽ?»

ውድነሽ አቀረቀረች። ጋሼ ተሰማ አታስቸግሪን፣ ሁላችንም ልጆች አሉን አሉ።

«እኔም አለኝ» አሉ እትዬ።

ይህን ብለው ሄደው ጽዋውን ከጋሼ ተሰማ ፊት አነሡት፣ በጨርቁ ጠቀለሉት፣ ወጡ። ጋሼ ተሰማ ወደ አባ አዩ። አባ ወደ መሬት አዩ። እኔ የዳቦውን ሌማት ተሸክሜ ተከተልኩ። ነፋሱ ያንገበግባል። አንድም ሰው ለማጀብ አልወጣም፤ ያለ ዝማሬ ጽዋ ሲሄድ ያየሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። እትዬ ዞር ብለውም አላዩ። እኔ ግን አየሁ፤ በሩ ላይ ቆመው የሚያዩን ሰዎች ጽዋው እንዳይሰበር እንጂ እኛ እንዳንወድቅ የፈሩ አይመስሉም ነበር።

በገበያው ቀን እትዬ እኔን አስከትለው መሐል ሜዳ ወረዱ። የዚያን የጤና ሠራተኛ ቤት ጠያይቀው ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው ነው የጠበቁት። ሲወጣ ግንባሩ ላይ ፕላስተር አለ። ከየት እንደመጣን ሲሰማ ሊያልፈን ነበር፤ እትዬ ክንዱን ያዙት።

«እኔ አልወረወርኩም ልጄ። አንድ ነገር ንገረኝና ሂድ። ይህ በሽታ በጽዋ ይይዛል?»

«አይዝም።»

«በአንድ ማዕድ ቢበሉስ?»

«አይዝም እናቴ። አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመጠጣት፣ በመጨባበጥ፣ በትንፋሽ አይዝም።»

እትዬ ክንዱን ለቀቁት። ታዲያ ይኼንን ለምን አስቀድመህ አልተናገርክም አሉት። ልጁ የማስተማሪያው ቅደም ተከተል እንደዚያ ነው፣ ልደርስበት ስል ነው ድንጋዩ የመጣው አለ። ቅደም ተከተል። ሰው በቤቱ እየተገፋ፣ እሱ ቅደም ተከተል ይለናል።

እትዬ ግን አልተቆጡትም። ተመልሰህ ና አሉት። አባን አስቀድመህ አናግር፣ ወንዱን ለብቻ ሰብስብ፣ ሴቱን ለብቻ፣ ለሴቱ ሴት ይዘህ ና፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጣ፣ የማይዝበትን አስቀድም፣ ያን ጊዜ የሚይዝበትን ጭምር ይሰሙሃል አሉት። ልጁ የመንግሥት ሠራተኛ የሚፈነክት አገር አለቃዬ አይልከኝም አለ። ደግሞ እትዬን ትክ ብሎ አያቸውና አያለሁ አለ። አላየም። አልወቅሰውም ብል ውሸት ነው፤ እወቅሰዋለሁ። የሱ ደም የፈሰሰው አንድ ቀን ነው፤ እኛ ጋ ግን ሰው በየቀኑ ይሞት ጀመር።

እትዬ የሰሙትን ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። ሰዉ በር ላይ አቁሞ ሰማቸው። እናት ናት፣ ምን ትበል፣ አሉ። የተናገሩት ሁሉ የእናት ወግ ተባለ።

ጥር ሃያ ሰባት ደረሰ። ጠላው ጠርቷል፣ ዳቦው ተጋግሯል፣ ወለሉ ላይ የጓሳ ሣር ተጎዝጉዟል። ጌታነህ ጢሙን ራሱ ተላጭቶ፣ ካፖርቱን አራግፎ ከመደቡ ጫፍ ተቀመጠ። ጠበቅን። ፀሐይ ከካቡ ላይ ወርዳ ወደ በሩ ስትመጣ ሰው የለም። እትዬ ውጣና እይ አሉኝ። ወጥቼ አየሁ። ጋሼ ተሰማ በቅሏቸውን ጭነው ወደ ዘመሮ ከተማ ሲወጡ አየሁ፤ ሙግት አለብኝ ብለው ነው አሉ። በመድኃኔ ዓለም ቀን ምን ሙግት እንዳለ እንጃ። የሌሎቹ ጭስ በየጣራቸው ይወጣል፣ ሰዎቹ ግን አይወጡም።

አባ ብቻ መጡ። ጸሎቱን አላሳጠሩም፤ ለሙሉ ማኅበር እንደሚያደርጉት አደረሱ። ባርከው ጽዋውን አንሥተው በረጅሙ ጠጡ። ለእትዬ ሰጡ። እትዬ ጠጥተው ለልጃቸው ሰጡ። ጌታነህ በሁለት እጁ ያዘ፤ ቁስሉ እየቆጠቆጠው ጠጣ። ከዚያ ወደኔ ዘርግቶ «መቶ አለቃ፣ ከኔ ቀጥሎ ተራው ያንተ ነው» አለኝ። ጠጣሁ፤ ዙሩ እኔ ላይ አለቀ። ማኅበሩ ይኸው ነበር። ጋኑ እንደሞላ ቀረ፤ ጠላው ከርሞ ሲሆመጥጥ ሽታው ቤቱን ሞላው፣ እኔ ነኝ የደፋሁት።

አባን ለዚያ ቀን አመሰግናለሁ፤ ለቀረው አላመሰግንም። ጠጡ፤ ግን አንድ እሁድ እንኳ ቆመው ጠጥቻለሁ፣ አትፍሩ አላሉም። ሰው ሁሉ የሚናዘዘው ለእሳቸው ነው። ማን ከማን ቤት እንደሚያመሽ፣ ማን ከተማ ወርዶ ምን ሠርቶ እንደሚመለስ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ያ የጤና ልጅ በአደባባይ ያልቻለውን እሳቸው በጆሮ፣ በነፍስ አባት ወግ ሹክ ቢሉት ስንቱ ጎረምሳ በተረፈ። ኋላ ከዚያ አጥቢያ በዚያ በሽታ የሄዱትን አውቃቸዋለሁ። አንዳቸውም በጽዋ አልሄዱም።

የካቲት ከመግባቱ በፊት ጋሼ ተሰማ ሁለት ሽማግሌ ላኩ፤ ጽዋውን መልሺ፣ ማኅበሩ ይቀጥል ተባለ። እትዬ ተራዬ መቼ አለፈ አሉ። ጠጡና ውሰዱ። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ቆመው ነው የተናገሩት፤ ቁጭ በሉ ቢባሉም አልተቀመጡም። ጋሼ ተሰማ ሌላ ጽዋ አሠርተው ወደ አባ ወሰዱ። አባ አልባርክም አሉ። አንድ ማኅበር ሁለት ጽዋ የለውም፣ በተረኛው ቤት ሳይጠጣ አያልፍም፣ ሥርዓቱን እናንተው ታውቁታላችሁ አሏቸው። ይህችን እንኳ ተናገሩ።

የካቲት ያለ ማኅበር አለፈ። መጋቢት መድኃኔ ዓለም፣ ያን የሚያህል በዓል፣ ያለ ጽዋ አለፈ። የበልጉን ገብስ በረዶ መታው፤ በአስካለ እልክ ነው ተባለ። እኔም ፈራሁ። አንድ ቀን ጽዋውን ከተሰቀለበት አውርጄ ወደ ፀሐይ አዙሬ ውስጡን አየሁ፤ በሽታው ተቀምጦ የማገኘው መስሎኝ ነው። የደረቀ አተላ ነበር። በጣቴ ፋቅ ፋቅ አድርጌ አየሁት፣ ምንም የለውም።

ጌታነህ ከመደቡ መነሣት አቅቶታል። እማ ስጪያቸው፣ በኔ አትጣይ አላቸው።

«በአንተ አይደለም የምጣላው፣ በተራዬ ነው» አሉት።

ከሰዓት በኋላ ነው፣ እትዬ እህል ሊያስፈጩ ሄደዋል፣ እሱና እኔ ብቻ ነን። ታውቃለህ፣ አለኝ፣ ምሽግ ውስጥ ሆኜ የሚናፍቀኝ እህል አልነበረም፤ ይህ ቤት ሰው ሞልቶት፣ ሁሉም ባንድ ላይ እያወራ፣ ማን ምን እንዳለ ሳይሰማ ሲቀር ነበር የሚናፍቀኝ። አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ ባየው አለ። እኔም ይመጣሉ፣ ጽዋው እኛ ጋ ስለሆነ መምጣታቸው አይቀርም አልኩት። በእውነት የማምነውን ነው ያልኩት።

ከፋሲካ በኋላ በጠዋት፣ ፀሐይ መደቡ ላይ እንደወጣች ሞተ።

ቤቱ ያኔ ሞላ። ከየጎጡ እየጮኹ መጡ። ለቀብር አለመምጣት በእኛ አገር ነውር ነው፤ ታማሚ አለመጠየቅ ግን ነውር አልነበረም፣ ወይም በዚያ ዓመት ነውርነቱ ተሻረ። ጋሼ ተሰማ ደረታቸውን እየደቁ ወንድ ልጄ፣ ወንድ ልጄ አሉ። ውድነሽ ፊቷን ነጨች። ሁሉም ባንድ ላይ ያወራል፣ ማን ምን እንዳለ አይሰማም። እኔ ሞኙ አንድ አፍታ ደስ ብሎኝ፣ መጡልህ ልለው ወደ መደቡ ዞርኩ። መደቡ ላይ እንግዶች ተቀምጠውበታል።

የአርባው ቀን በግ ታረደ። ጠላውን እትዬ ጠመቁ፣ ጋኑን እኔ አጠንኩ። ማኅበርተኛው በሙሉ መጣ፤ በላ፣ ጠጣ። ጌታነህ ይጠጣበት የነበረውም ዋንጫ ሌላውም ዋንጫ ተቀላቅሎ ዞረ፤ አንድ ሰው የቱ የማን ነው ብሎ አልጠየቀም። እኔ እየቀዳሁ እያየሁ ነው። ከጠገቡ በኋላ ጋሼ ተሰማ ጢማቸውን ጠርገው፣ እንግዲህ አስካለ፣ ነገሩም አለፈ፣ ጽዋውን ብትሰጪን አሉ።

እትዬ ወደ ጓዳ ገቡ። ጽዋውን ሞልተው ይዘው ወጡ።

«ተራዬ አላለፈም፤ ጠጡና ይለፍ» አሉ። ለአባ ሰጡ።

አባ አማተቡ፣ ጠጡ፣ ለጋሼ ተሰማ አቀበሉ። ጋሼ ተሰማ ጽዋው ውስጥ አዩ። አባን አዩ። የተቀመጠውን ሰው አዩ። ጠጡ። ከሳቸው ቀጥሎ ያለውም ጠጣ፣ ከዚያም የሚቀጥለው፤ ጽዋው ከአፍ አፍ እየሄደ ውድነሽ ጋ ደረሰ፣ እሷም ጠጥታ አፏን በነጠላዋ ጫፍ አበሰች። ምንም አልሆነም። ጸሎተ ሃይማኖት እንኳ ተደግሞ የማያልቅበት አጭር ጊዜ ነው የፈጀው። ባዶው ጽዋ ተመልሶ እትዬ እጅ ገባ። በመዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ቆመው አዩት።

«ይኸው ነው?» አሉ።

ጽዋውን ወደ ሰዉ ዘረጉት።

«ይቺን ነው ልጄን የነሳችሁት?»

ጋሼ ተሰማ እግዚአብሔር ያጽናሽ አሉ። እትዬ ጽዋውን ለተረኛዋ ሰጡ፣ እሷም በነጭ ጨርቅ ሸፈነችው። ሰዉ ተነሣ። ደጅ ሲወጡ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዝማሬውን ጀመረ፣ ሌሎቹ ተቀበሉት፣ ካቡን ሳያልፉ ሞቅ አለላቸው።

እትዬ ከወለሉ ላይ ዋንጫውን መልቀም ጀምረዋል። ቀና ሳይሉ «ሂድ አንተ፣ ጽዋ ሲወጣ ከቤቱ ሰው አለማጀብ ነውር ነው» አሉኝ።

አልሄድም አልኳቸው። በዚያ ዓመት ያዘዙኝን እምቢ ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ቀና ብለው አዩኝ፤ ደግመው አላዘዙኝም። ጎንበስ ብዬ አብሬያቸው ዋንጫ ለቀምኩ።